የሽማግሌዎቹ አስተርጓሚ

ግራሲዬላ መጀመሪያ በሬን ያንኳኳች ቀን አልከፈትኩላትም። ከሌሊት ሥራ ገብቼ ገና ጫማዬን ማውለቄ ነበር። በበሩ ቀዳዳ ሳጮልቅ ሸበቶ ፀጉሯን ወደ ኋላ የጎነጎነች፣ ወረቀት የተቆነጠጠበት ሰሌዳ የታቀፈች፣ ስድሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ቆማለች። ሃይማኖቴን ልታስቀይረኝ የመጣች መስሎኝ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ጠበቅኳት። ሄደች። በማግስቱ መጣች። በሦስተኛው ቀን ካልከፈትኩላት እንደማትፋታኝ ሲገባኝ ከፈትኩላት።

«ጣሪያሽ ያፈሳል?» አለችኝ። ሰላምታዋ ይኸው ነበር።

ያፈሳል። የሁላችንም ያፈሳል። ስኮትዴል በሚባለው ሰፈር ያለው የኪራይ ግቢያችን ግማሹ ሐበሻ፣ ግማሹ ሜክሲኮ ነው፤ ጣሪያው ግን ዘር አይለይም። አንድ ኩባንያ ሕንፃውን ከገዛው ወዲህ ሻጋታው ከመታጠቢያ ቤት ወደ መኝታ ቤት ተሻገረ፤ ማሞቂያው ብርድ ሲመጣ ጠብቆ ይበላሻል። ቢሮ ሄደን ስንናገር «ቲኬት ክፈቱ» ይሉናል፤ የጥገና ማመልከቻ አስገቡ ማለታቸው ነው። ቲኬት እንከፍታለን፣ እነሱ ይዘጉታል፣ እኛ እንደገና እንከፍታለን።

ግራሲዬላ የምትመራው ማኅበር ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ከአንድ ጎማ ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ሦስት ሰው፣ አንድ የምታንቋርር ማተሚያ ማሽን፣ ብዙ ታጣፊ ወንበር። ሥራቸው እንደ እኛ ያለውን ተከራይ በር እያንኳኩ ማሰባሰብ ነው። ያን ቀን ቤቴ አስገብቼ ሻይ ሰጠኋትና የሐበሻ ወጌን ጀመርኩ።

«ከየት አገር ነሽ?»

«ከቴክሳስ።»

«ከቴክሳስ በፊትስ?»

«ቴክሳስ።»

«ወላጆችሽስ?»

«ቴክሳስ። አያቶቼም፣ የእነሱም አያቶች።» ሳቀች። «ቺካና ነኝ። ሜክሲኮ ስሄድ አሜሪካዊት ይሉኛል፣ እዚህ ደግሞ ሜክሲኳዊት ይሉኛል። ሰለቸንና ለራሳችን ራሳችን ስም አወጣን።»

እዚህ የተወለደችው፣ ሳቫና ኮሌጅ ያለችው ልጄ ኤልዳና ትዝ አለችኝ። እሷም አንድ ቀን እንዲህ ያለ ስም ያስፈልጋት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ሴትዮዋን የወደድኳት ያኔ ነው።

የሐበሻው ተወካይ እኔ ሆንኩ፤ የመረጠኝ ግን የለም። የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ስሠራ የለመድኩት እንግሊዝኛ ነው ያስመረጠኝ። የሜክሲኮዎቹ ተወካይ ማሪሴላ ነበረች። ከእኔ ቤት ሥር ነው የምትኖረው። ሰባት ዓመት የሆናት ልጇ አስም አለባት፤ ሻጋታው ደግሞ ሌላ ቦታ ያጣ ይመስል ከልጅቷ አልጋ በላይ ነው የበቀለው። ማሪሴላ በየስብሰባው የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ቤቱ ይታደስ፣ እኔ ግን ከዚህ አልሄድም። ትምህርት ቤቱ በእግር አምስት ደቂቃ ነው፤ እዚያ ያለችው ነርስ ልጅቷን ሁለት ጊዜ ከሞት አፍ አውጥታታለች። ሌላ ሰፈር ሄዳ እንዲህ ያለ ነርስ ከየት ታመጣለች?

መኪናዬ የቆመች ጊዜ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሥራ ያደረሰችኝ ማሪሴላ ናት። የእሷ እንግሊዝኛ ጥቂት ነው፣ የእኔ ስፓኒሽ ጭራሽ የለም፤ መንገዱን ሁሉ ዝም ብለን ነበር የምንሄደው። እንደዚያ የተመቸኝ ዝምታ የለም።

ታኅሣሥ ላይ ግራሲዬላ ሰልፍ ጠራች። ቅዳሜ፣ ቢሮው ፊት ለፊት፣ በድምፅ ማጉያ፣ ጋዜጠኛ ባለበት። «ስድሳ ሰው ካዩ ያናግሩናል፤ አሥር ሰው ካዩ መጋረጃ ይዘጋሉ» አለች። ወሬውን ለሐበሻው ላደርስ እሑድ ከሰዓት በኋላ እኔ ቤት ሰበሰብኳቸው።

ሰልፍ የሚለውን ሲሰሙ የተለዋወጠው ፊት! ግማሹ አገር ቤት ሰልፍ ወጥቶ የደረሰበትን ያውቃል፤ ያልወጣውም የወጣው ምን እንደደረሰበት ያውቃል። አንዱ «ሌሊት ሽፍት አለብኝ» አለ፤ አንዷ «ሲትዝንሺፔ ፕሮሰስ ላይ ነው» አለች። ያን ጊዜ ጋሽ ዳኛቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ መሀል ከተማ መኪና ማቆሚያ ሃያ ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። በግቢያችን ባልና ሚስት ሲጣሉ ከፖሊስ በፊት የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

«ሰው ደጁ ላይ እየተጮኸበት እንዴት ይራራል?» አሉ። «መጀመሪያ ሽማግሌ ይሂድ። እምቢ ካለ ያን ጊዜ ይጮኻል።»

«ልክ ነው» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ ወዲያው። ጋሽ ወንዳፍራሽ የጴንጤ ቸርች ሽማግሌ ናቸው፤ ከጋሽ ዳኛቸው ጋር ስለ ጾም ሲከራከሩ ነው ያረጁት። ሁለቱ የተስማሙበትን ነገር እኔ ማን ነኝና አፈርሳለሁ? ደግሞ እውነቱን ልናገርና፣ እፎይ ብያለሁ። መንገድ ዳር ወረቀት ይዤ መቆም አልፈለግኩም። ለግራሲዬላም አልነገርኳትም።

ሰኞ ቢሮው እንደተከፈተ ሦስታችን ገባን። እኔ ከሌሊት ሥራ በቀጥታ ነው የመጣሁት፤ የሥራ ልብሴን እንኳ አልቀየርኩም። ሽማግሌዎቹ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ጋሽ ዳኛቸው ነጠላቸውን በኮታቸው ላይ ጣል አድርገው ነበር። ሥራ አስኪያጁ ታይለር የሚባል፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው ነው። ከመቀመጫው ተነሣ፤ ወንበር ሳበላቸው፤ ውሃ አቀረበ። ሁለቱ በዓይን ተጠቃቀሱ። ጨዋ ልጅ ነው ማለታቸው ነው።

«የመጣነው ለክስ አይደለም» ብለው ጀመሩ ጋሽ ዳኛቸው። «ለዕርቅ ነው። በአንተና በተከራዩ መካከል ቅሬታ ገብቷል። አንተም ልጃችን ነህ፣ እነሱም ልጆቻችን ናቸው።»

ተረጎምኩ። ታይለር እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ደስ ብሎኛል አለ። ማን ማን እንደተቀየመ ብትነግሩኝ በግል አነጋግራቸዋለሁ አለ።

የእኛን ሽምግልና የሚያውቅ ሰው በዚህ ጥያቄ ክፋት አያይም። ዕርቅ የሚጀመረው ከዚህ ነው፤ የተበደለው በስሙ ይጠራል፣ በደሉ ይነገራል፣ ከዚያ ይካሳል። ተበዳይ ያልተጠራበት ዕርቅ ምኑ ዕርቅ ነው? የጋሽ ዳኛቸው ፊት በራ። ልጁ ወግ የሚያውቅ መሰላቸው።

«ከሁሉ የተቀየመችው ማሪሴላ ናት» አሉ። «ልጇ ታማባታለችና አይፈረድባትም። ሰዉን የምታስተባብረውም እሷ ናት፤ ሰው ይሰማታል። እሷን ጠርተህ አጥፍቻለሁ በላት። እሷም ክፉ ተናግራህ ከሆነ ይቅርታ እንድትጠይቅህ እኛ እናደርጋለን። ከእሷ ጋር ከታረቅህ ሌላው ይከተላል።» ሌሎች ሁለት ስሞችም ጨመሩ፤ ሁሉም ሜክሲኮዎች ናቸው፤ ሰልፉን ከልብ የያዙት እነሱ ነበሩና።

አሜሪካ ከሃያ ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። ቢሮ ውስጥ የሰው ስም ሲጠራ ምን ተከትሎ እንደሚመጣ አውቃለሁ። የታይለር እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሽማግሌዎቹ ያዩኛል። «ጋሼ፣ ይህንንስ አልተረጉምም» ብላቸው በባዕድ ፊት ማዋረዴ ነው። ዓይኔ ይቃጠላል፤ ከተነሣሁ ሃያ ሰዓት አልፎኛል፤ ቶሎ አልቆ አልጋዬ ላይ ብወድቅ ነበር የምፈልገው። ተረጎምኩ። ታይለር ጻፈ።

ጨብጦ ሸኘን። ምሽቱን በግቢው «ነገሩ ተይዟል» ተባለ። ሽማግሌ በገባበት ነገር ላይ መጮህ ነውር ነውና ቅዳሜ አንድ ሐበሻ ከቤቱ አልወጣም። እኔ መጋረጃዬን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ግራሲዬላ መኪና ሙሉ የመፈክር ሰሌዳና ታጣፊ ወንበር ይዛ መጥታለች፤ የቆሙት ግን ማሪሴላና አሥር የሚሆኑ ጎረቤቶቿ ናቸው። ጋዜጠኛዋ አንድ ፎቶ አንሥታ ሄደች። ሁሉም ከተበተነ በኋላ ግራሲዬላ ወንበሮቹን ብቻዋን ስታጣጥፍ ሳይ አላስቻለኝም፤ ወረድኩ።

ስለ ሽማግሌዎቹ ነገርኳት። ስለ ስሞቹ አልነገርኳትም።

ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«አባቴ ሽንኩርት ለቃሚ ነበር» አለች። «እሱና ጓደኞቹ ሥራ ሊያቆሙ ተማክረው፣ መጀመሪያ ቄሱ ያነጋግርልን ብለው ወደ ባለ እርሻው ላኩት። ቄሱ ጥሩ ምሳ በልቶ ተመለሰ።» ጉልበቷን እያሸች ተነሣች። «ይህን ሥራ አርባ ዓመት ሠርቼዋለሁ ዌይኒ። በየሄድኩበት አንድ ቄስ አለ።»

ወይንሸት የሚለው ስሜ አፏ ላይ አልገባ ብሎ ዌይኒ ነው የምትለኝ። የቀሩትን ወንበሮች አብረን ጫንን።

ከሰልፉ በኋላ በዘጠነኛው ቀን ማሪሴላ በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ኪራይዋ የጊዜ ውል የሌለው፣ ከወር ወደ ወር የሚታደስ ስለሆነ በስልሳ ቀን ውስጥ ቤቱን እንድትለቅ ይላል። ምክንያት የለውም። ስማቸው የተጠራው ሌሎቹ ሁለትም ደረሳቸው። በዚያው ሳምንት ቀለም ቀቢዎች መጥተው የሐበሻውን ቤት ጣሪያ ነጭ ቀቡት፤ ሻጋታውን ሳይፍቁ ከላዩ ላይ።

«አየሽ ሽማግሌ ሲገባበት!» አለችኝ የምስራች የምትባል ጎረቤቴ። «እኔማ ቲኬት ከከፈትኩ ዋን ይር ሆኖኝ ነበር።»

ጣሪያዬን ቀና ብዬ ማየት አስጠልቶኝ ነበር።

ሁለቱ ቤተሰቦች ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። ማሪሴላ እምቢ አለች። ስልሳው ቀን ሲያልቅ ኩባንያው ከሰሳት። የግራሲዬላ ማኅበር ያለ ክፍያ የሚቆምላት ጠበቃ አገኘ። ጠበቃው ነገሩን በአጭሩ ነው ያስረዳን፦ የሚያስወጧት ስለተናገረችና ሰው ስላስተባበረች መሆኑን ካሳየን ዳኛዋ ሊያስቆሙት ይችላሉ። ኩባንያው ግን «ውሳኔው ከሰልፉ በፊት ሐሙስ ያለቀ ነው፤ ያኔ ማን ምን እንደሚያደርግ አናውቅም ነበር» ብሏል። ስለዚህ ታይለር ከሐሙስ በፊት ስሟን መስማቱን የሚመሰክር ሰው ያስፈልጋል። ግራሲዬላ እንደገና በር ማንኳኳት ጀመረች። እኔ የማውቀውን ይዤ አብሬያት አንኳኳለሁ።

አላስቻለኝም፤ ስሟን የጠሩት ጋሽ ዳኛቸው ናቸውና እሳቸው ቤት ሄድኩ። ከስተዋል። ብቻቸውን፣ ያለ አስተርጓሚ፣ ሁለት ጊዜ ታይለር ቢሮ ሄደው ደጅ ጠንተው ነበር፤ «አፖይንትመንት የለዎትም» ተብለው ተመለሱ።

«ስሟን ለዕርቅ ብዬ ነው የጠራሁት» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ። «አንቺ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ፍርድ ቤት መጥተው ይህንኑ ይንገሩልን።»

«ሽማግሌ የተባለውን ይዞ ነው የሚሞተው» አሉ። «ስንት ባልና ሚስት፣ ስንት ወንድማማች አስታርቄያለሁ፤ የአንዱ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ዛሬ ዳኛ ፊት ቆሜ ብዘከዝክ ነገ ማን በሩን ይከፍትልኛል?»

«ማሪሴላስ የምትከፍተው በር ይኖራታል?» አልኳቸው። እንደዚያ ተናግሬያቸው አላውቅም።

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። በመሐረባቸው ጠረጉት። «አንቺ አስተርጓሚ ነሽ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «አስተርጓሚ በሽማግሌ ቃል አይታሰርም።»

የፈቱኝ መስሏቸው ነው፤ ሸክማቸውን አሸክመውኝ ነው የወጣሁት። ተናደድኩባቸው። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ደግሞ አዘንኩላቸው።

በማግስቱ ቡፎርድ ሃይዌይ ሄድኩ። ከታች ጎማ ቤቱ ይጮኻል፤ ከላይ ግራሲዬላ አንዱን ስልክ ጆሮዋ ላይ፣ ሌላውን ጭኗ ላይ አድርጋ ታወራለች። ስትጨርስ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስሞቹን ማን እንደጠራ፣ ማን እንደተረጎመ። መነጽሯን አውልቃ ዓይኖቿን በጣቶቿ ተጫነች።

«ማሪሴላ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ሳትሰማ ፍርድ ቤት አትግቢ። ከአንቺ አፍ ትስማው።»

እሺ አልኩ። ኤልዳናም በስልክ የነገረችኝ ይህንኑ ነው። «ማሚ፣ ላይክ፣ ጀስት ንገሪያታ! ምንድነው ችግሩ?» ለእሷ ቀላል ነው። አራት ቀን ነበረኝ። አንድ ቀን እስከ በሯ ወረድኩ፤ ልጅቷ ስትስል ሰማሁና ተመለስኩ። አንድ ቀን መኪና ማቆሚያው ላይ አገኘኋት፤ እንደምመሰክርላት ግራሲዬላ ነግራት ኖሮ እቅፍ አድርጋ «አመሰግናለሁ፣ አመሰግናለሁ» አለችኝ። ከዚያ በኋላማ በምን አፌ?

ጠበቃው ደግሞ «የአንቺም ኪራይ ከወር ወደ ወር ነው፤ ታውቂያለሽ?» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ስለ ራሴ ለመፍራት እንኳ ጉልበት አጥቼ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ዲኬተር ፍርድ ቤት ቀረብን። ማሪሴላ የቤተ ክርስቲያን ልብሷን ለብሳ ከጠበቃው ጎን ተቀምጣለች። በሌላው ጎኗ የፍርድ ቤቱ የስፓኒሽ አስተርጓሚ፣ አንድ ቀጭን ሰውዬ፣ ወደ ጆሮዋ ዘንበል ብሏል። ግራሲዬላ ከኋላ ናት። ታይለር ወደ እኔ አላየም።

እጄን አንሥቼ ማልኩ። የእኛ ጠበቃ ሲጠይቀኝ አልከበደኝም። ሰኞ ዕለት ሄድን፤ ጋሽ ዳኛቸው ቅሬታ ያላቸውን ሰዎች ስም ጠሩ፤ የማሪሴላ ስም አንዱ ነበር፤ ታይለር ጻፈ። እውነት ነው፣ ግን በዚህ ቃል ውስጥ እኔ የለሁበትም። አንድ ሽማግሌ ተናገሩ፣ አንድ ወጣት ጻፈ፣ አለቀ። ማሪሴላ በአስተርጓሚው በኩል ስትሰማ አንገቷን ነቀነቀች፤ በጋሽ ዳኛቸው አዝናለች። እዚሁ ላይ ይብቃልኝ ብዬ ጸለይኩ።

የኩባንያው ጠበቃ ተነሣች። ድምጿ ለስላሳ ነው።

«በግቢው ማሪሴላ የሚባሉ ሁለት ተከራዮች አሉ አይደል?»

«አዎ።»

«ሽማግሌው የአባቷን ስም ጠርተዋል?»

«አልጠሩም።»

«የቤት ቁጥሯንስ?»

«ቁጥሯን አያውቁም።»

«ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ የትኛዋ እንደሆነች ሊያውቅ አይችልም።» ወደ ዳኛዋ ዞረች። «ጨርሻለሁ።»

የእኛ ጠበቃ ወረቀቱን አገላበጠ። ከወረቀቱ ምንም እንደማያገኝ አውቃለሁ። ማሪሴላ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ትጠብቃለች።

«ያውቃል» አልኩ።

ዳኛዋ በመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «እንዴት?»

«ጠይቆ ነበር። የትኛዋ ማሪሴላ ብሎ። በእንግሊዝኛ ስለጠየቀ ጋሽ ዳኛቸው አልገባቸውም፤ እኔም አልተረጎምኩላቸውም። ራሴ መለስኩለት። ቁጥር አራት፣ ከእኔ ሥር ያለችው አልኩት።» ይህን ለግራሲዬላም አልነገርኳትም ነበር። «ስሙንም ቢሆን እሳቸው የጠሩት በአማርኛ ነው። ታይለር አማርኛ አያውቅም። የሰማው ከእኔ ነው።»

አስተርጓሚው ከእኔ ጥቂት ቃላት ወደ ኋላ ነበር። እኔ አፌን ዘግቼም እሱ ገና አልጨረሰም። ማሪሴላን አየኋት፤ ነገሩ ገና አልደረሳትም፤ ፊቷ አሁንም በሽማግሌው እንዳዘነ ነው። ሰውዬው ሥራውን ያውቃል፤ አንዲት ቃል ሳይቀንስ አደረሳት። ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

ዳኛዋ ከሰዓት በኋላ ወሰኑ። ማሪሴላ ከቤቷ አትወጣም። ግራሲዬላ ኮሪደሩ ላይ አቅፋት አለቀሰች፤ ገና እንባዋን ሳትጠርግ ስልኳ ጮኸ፤ ሌላ ግቢ፣ ሌላ ጣሪያ። እያወራች ወደ ውጭ ወጣች። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ። ማሪሴላ መጣች። ታልፈኛለች ብዬ ነበር፤ ፊቴ ቆመች።

ባላት ጥቂት እንግሊዝኛ፣ ማንም ሳያስተረጉምላት፣ «ቁጥሩን ስትነግሪው ምን እንደሚሆን ታውቂ ነበር?» አለችኝ።

አላውቅም ነበር ብላት ታምነኝ ነበር። እውነት እላችኋለሁ፣ ታምነኝ ነበር።

«አውቅ ነበር» አልኳት። «በጣም ደክሞኝ ነበር።»

«እኔም ይደክመኛል» አለች። ከዚያ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ፣ ልጇን ከትምህርት ቤት ልታመጣ ደረጃውን ወረደች።